ባለ 116 ፈረስ ጉልበት መኪና ላይ ክንፍ መትከል፦ መቼ ያዋጣል፣ እንዴትስ ይሠራል?

«ክንፍ ገዛሁ፣ ተከልኩት፣ የዙር ሰዓቴ ጭራሽ ባሰ።» ትራክ (የመኪና መሮጫ ሜዳ) ላይ የሚነዱ ወዳጆቼ ይህን ቅሬታ በየወቅቱ ያመጡልኛል። ስጠይቃቸው ታሪኩ አንድ ነው። ኋላ ላይ ትልቅ ክንፍ አለ። ፊት ላይ ምንም የለም። የክንፉ ዘንበል የተወሰነው በዓይን ነው። የተለካ ነገር የለም።

እዚህ የምጽፈው ጉልበቱ አነስተኛ መኪና ላላቸው ነው። ምሳሌዬ የራሴ መኪና ነው፦ የ1990 ማዝዳ ሚያታ፣ 1.6 ሊትር ሞተር፣ 116 የፈረስ ጉልበት፣ እኔ ተቀምጬበት 1,050 ኪሎ ገደማ። በብዛት የምነዳው ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ሰሚት ፖይንት የሚባል ትራክ ላይ ነው። ዲሲ አካባቢ ለምንኖር ከሚቀርቡን አንዱ እሱ ነው። የናንተ መኪና ሆንዳ ፊት (Fit) ወይም አሮጌ ሲቪክ ቢሆንም ቅደም ተከተሉ ያው ነው። ልኬቱ ብቻ ይለያል።

ቁርጡን መጀመሪያ ልንገራችሁ። ያዋጣል። ግን የሚያዋጣው ፊትና ኋላ አብሮ ከተሠራ፣ ትራካችሁ ፈጣን ኩርባ ካለው፣ ቀድሞ መሠራት ያለበትም ከተሠራ ነው። አንዱ ከጎደለ ገንዘቡን ለጎማ አድርጉት።

ደረጃ 1፦ ከኪስ በፊት ሂሳብ

ሁለት ቃል እንግባባ። ዳውንፎርስ አየሩ መኪናውን ወደ መሬት የሚጫንበት ኃይል ነው። ድራግ ደግሞ አየሩ ወደ ኋላ የሚይዝበት።

ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ዳውንፎርስ አራት እጥፍ ይሆናል። ከጎን እስከ ጎን 1.4 ሜትር፣ ከፊት ወደ ኋላ 25 ሴንቲ ሜትር የሆነ ደህና ክንፍ በግምት ይህን ያህል ይጫናል፦

- በሰዓት 60 ኪ.ሜ. ላይ 7 ኪሎ
- በ100 ላይ 20 ኪሎ
- በ160 ላይ 50 ኪሎ

7 ኪሎ የተማሪ ቦርሳ ነው። አንድ ቶን በሚመዝን መኪና ላይ ማንም አይሰማውም። ስለዚህ ቀርፋፋ ኩርባ ላይ ክንፍ ጌጥ ነው። ነገሩ የሚጀምረው 100 አካባቢ ነው፤ ማይል ለለመዳችሁ 62።

አሁን ወጪውን እንይ። የኔ ሚያታ በ160 ላይ አየሩን ለመግፋት ብቻ 45 ገደማ ፈረስ ይበላል። ከሞተሩ ጉልበት ጎማው ላይ የሚደርሰው 95 አካባቢ ነው። ጎማው ራሱ ለመሽከርከር የሚወስደው ሲቀነስ፣ ለመፍጠን የሚተርፈኝ 40 ነው። ክንፉ ከዚህች 40 ላይ 4 ወይም 5 ይነጥቃል። ባለ 500 ፈረስ መኪና ይህን አያስተውለውም። እኔ ግን በደንብ አስተውለዋለሁ።

ታዲያ ለምን ያዋጣል አልኩ? ደካማ መኪና አንዴ የጣለውን ፍጥነት መልሶ ለማግኘት ዕድሜ ይፈጅበታል። ከኩርባ በ108 ፋንታ በ110 ከወጣችሁ፣ ያቺን 2 ኪ.ሜ. ቀጥታውን መንገድ በሙሉ ይዛችኋት ትሄዳላችሁ። ባለ ጉልበቱ ነዳጅ ረግጦ በቅጽበት ያካክሳታል። እናንተ አትችሉም። ስለዚህ ክንፉ ቀጥታው ላይ የሚነጥቃችሁንና ኩርባው ላይ የሚሰጣችሁን ማወዳደር ነው ሥራው። ቀጥታው ጫፍ ላይ ያለውን ፍጥነት ብቻ የሚያይ ሰው ሁልጊዜ «አይረባም» ይላል።

ደረጃ 2፦ ዙሩን በትኑት

1. ጂፒኤስ ያለው የዙር መለኪያ ያዙ። ስልካችሁ ብቻውን አይበቃም፤ ብዙ ስልክ በሰከንድ አንዴ ነው ቦታውን የሚመዘግበው። በሰከንድ 10 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ የሚመዘግብ ያስፈልጋችኋል።
2. መኪና ያልከለከላችሁ አምስት ንጹሕ ዙር ንዱ።
3. በእያንዳንዱ ኩርባ ላይ የታየውን ዝቅተኛ ፍጥነት ጻፉ።
4. ከ100 በላይ የሆኑትን አክብቡ።

ሦስትና ከዚያ በላይ ክብ ካገኛችሁ ቀጥሉ። አንድ ብቻ ከሆነና እሱም ረጅም ቀጥታ የማይከተለው ከሆነ፣ እዚሁ አቁሙ። ገንዘብ ተርፏችኋል።

ለምሳሌ የሰሚት ፖይንት ዋናው ሜዳ 2 ማይል ነው፤ 10 ኩርባ አለው። ኩርባ 5 ቀርፋፋ ነው፤ እዚያ ክንፍ አይረዳም። ኩርባ 10 ግን ፈጣን ነው፤ ከሱ ቀጥሎ የሜዳው ረጅሙ ቀጥታ ይመጣል። ለደካማ መኪና የክንፉ ዋጋ ግማሹ እዚያች ኩርባ ላይ ነው ያለው። እዚያው ግቢ ውስጥ ሼናንዶአ የሚባለው ሜዳ ደግሞ ጠመዝማዛና ጠባብ ነው። እሱ ላይ ብቻ የሚነዳ ሰው ክንፍ ቢያስገባ አልመክረውም። ቨርጂኒያ ኢንተርናሽናል ሬስዌይ የሚባለው ትራክ ላይ ነገሩ ሁለት ወገን አለው። ዳገት የሚወጡት ተከታታይ ኩርባዎች ዳውንፎርስ ይወዳሉ፣ ረጃጅም ቀጥታዎቹ ግን ድራግ ያስከፍላሉ። እዚያ የክንፍ ዘንበል ዝቅ ማለት አለበት።

ደረጃ 3፦ ቀድሞ የሚሠራው

ይህን ክፍል ዘላችሁ እንደምታልፉት አውቃለሁ። አትዝለሉት።

- የፍሬን ዘይትና የፍሬን ሸራ ትራክ የሚችል መሆን አለበት። ዳውንፎርስ በከፍተኛ ፍጥነት አጥብቃችሁ እንድትይዙ ያደርጋል። ሸራው ደግሞ ይግላል።
- ጎማ። ጥሩ ባለ 200 ትሬድዌር ጎማ (ቁጥሩ የጎማውን የማለቅ ደረጃ ያሳያል፤ ዝቅ ሲል ቶሎ ያልቃል) በሁሉም ኩርባ ላይ ይሠራል፣ ቀርፋፋውንም ጨምሮ። ክንፍ ይህን አያደርግም።
- አላይመንት። ፊት ጎማ ከላይ ወደ ውስጥ በደንብ ካልተዘነበለ፣ የምትጨምሩት ጭነት የጎማውን ጠርዝ ይበላል እንጂ ሰዓት አይቀንስም።
- እናንተ። አምስቱ ዙራችሁ እርስ በርስ ከአንድ ሰከንድ በላይ ከተለያየ፣ ክንፍ የሚያመጣውን ለውጥ መለየት አትችሉም። ለውጡ ከናንተ ስህተት ያነሰ ነው። በዚያ ገንዘብ አስተማሪ ያዙ።

ሌላው ሕግ ነው። የምትነዱበትን ዝግጅት አዘጋጅ አስቀድማችሁ ጠይቁ። አሜሪካ ውስጥ ብዙ የትራክ ቀን አዘጋጆች የጎን መስኮት ክፍት እንዲሆን ያስገድዳሉ፤ ጣሪያው ለሚነሳ መኪናም ሮል ባር (መኪናው ሲገለበጥ ራስ የሚጠብቅ የብረት ቅስት) ይጠይቃሉ። መወዳደር የምታስቡ ከሆነ የምድባችሁን ደንብ አንብቡ። ለምሳሌ ስፔክ ሚያታ (ሚያታዎች ብቻ የሚወዳደሩበት ምድብ) ውስጥ ክንፍ የሚባል ነገር የለም።

ጣሪያ የሌለው መኪና ካላችሁ ደግሞ አንድ እውነት ተቀበሉ። ጣሪያው ሲነሳ ወደ ኋላ የሚሄደው አየር የተበጠበጠ ነው። ያ አየር ክንፉን ሲያገኘው ክንፉ ግማሽ ሥራውን አይሠራም። መጀመሪያ ጠንካራ ጣሪያ ፈልጉ። ክንፉ ከዚያ በኋላ።

ደረጃ 4፦ ሚዛኑን ወስኑ

አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው።

ክንፉ የሚቀመጠው ከኋላ ጎማ ጀርባ ነው። አንዱ ጫፍ ሲጫን ሌላው የሚነሳ ሳንቃ አስቡ። የሚያታ ፊትና ኋላ ጎማ መካከል 2.265 ሜትር ነው። ክንፉ ከኋላ አክሰል ግማሽ ሜትር ወደ ኋላ ቢወጣና 50 ኪሎ ቢጫን፣ ከፊት ጎማዎች ላይ 11 ኪሎ ያነሳል። ፊቱ ቀለለ ማለት ነው። መኪናው በፈጣን ኩርባ ላይ መሪ እያዞራችሁት አልታጠፍም ይላል፣ አፍንጫውን ወደ ውጭ ይገፋል። እናንተም ነዳጁን ትለቃላችሁ። ሰዓቱ ባሰ የሚለው ቅሬታ ምንጩ ይኸው ነው።

ተቃራኒው ደግሞ ይገላል። ፊት ላይ ስፕሊተር (ከፓራውልቱ ሥር የሚተኛ ጠፍጣፋ ሳንቃ) አድርጎ ኋላውን ባዶ የተወ መኪና በ70 ላይ ሸጋ ነው፣ በ130 ላይ ኋላው ይከዳል። ያለማስጠንቀቂያ።

ስለዚህ ምርጫው ሁለት ነው፦

ርካሹ መንገድ። ፊት ላይ ከፓራውልቱ ወደ ታች የሚወርድ ቀጥ ያለ የአየር መከለያ፣ የኋላ ኮፈን ጠርዝ ላይ ደግሞ ትንሽ ስፖይለር (ወደ ላይ ቀና ያለ ጠርዝ)። ሁለቱም መኪናው በፍጥነት የሚነሳበትን ኃይል ይቀንሳሉ። ድራጋቸው ኢምንት ነው፣ አንዳንዴም ይቀንሱታል። ጉልበታችሁ 100 አካባቢ ከሆነና ትራኩ መካከለኛ ከሆነ እዚህ ላይ ብታቆሙ ማንም አይወቅሳችሁም። እኔ ለመጀመሪያው ወቅት ይህን ብቻ ነው የማዘው።

ሙሉው መንገድ። የአየር መከለያ፣ ስፕሊተርና እውነተኛ ክንፍ። ከዚህ በታች ያለው ለሱ ነው። ሁለቱንም ጫፍ በአንድ ቀን ጨርሱ። አንዱን ሠርታችሁ ሌላውን «በሚቀጥለው ወር» አትበሉ።

ደረጃ 5፦ ዕቃ ሰብስቡ

ለፊት፦ 12 ሚሊ ሜትር የበርች ኮምፔንሳቶ፣ ለመከለያው የሚተጣጠፍ ጠንካራ ፕላስቲክ፣ የአሉሚኒየም አንግል፣ ርዝመታቸው የሚስተካከል ሁለት የብረት ዘንግ፣ ለእንጨቱ ቫርኒሽ። ካርቦን ፋይበር አትግዙ። ስፕሊተር ይሰበራል፤ ባይሰበር ይገርመኛል። የኮምፔንሳቶው ሲሰበር በአንድ ቅዳሜ ሌላ ትቆርጣላችሁ።

ለኋላ፦ ክንፉ፣ ከክንፉ እስከ ሻንሲው የሚወርዱ ሁለት እግሮች፣ ከላሜራው ሥር የሚገቡ የአሉሚኒየም ሳህኖች፣ ሰፋፊ ሮንዴላ፣ ናይሎን ያለው የማይፈታ ዳዶ።

ለመለካት፦ ዲጂታል የዘንበል መለኪያ፣ ሜትር፣ የሹራብ ክር፣ ጥሩ ፕላስተር፣ ትንሽ ካሜራ። ክሩ ቀልድ አይደለም፤ ከዚህ ዝርዝር ውስጥ ብዙ የሚያስተምራችሁ እሱ ነው።

ክንፍ ስትገዙ ቅርጹን እዩ። ከጎን ስታዩት ከላይ ለጥ ያለ፣ ከታች ሆዱ የወጣ መሆን አለበት። የአውሮፕላን ክንፍ የተገለበጠ ማለት ነው። ሁለት ጠፍጣፋ ላሜራ ተጋጥሞ የተሠራ ርካሽ ክንፍ ገዝቼ አውቃለሁ። ድራጉን በታማኝነት ሰጠኝ። ሌላ ነገር አልሰጠኝም።

ደረጃ 6፦ ስፕሊተሩን ሥሩ

1. መኪናውን ደልዳላ መሬት ላይ አቁሙ። የናንተን ክብደት የሚያህል ነገር ሾፌር ወንበር ላይ አድርጉ። ከመሬት እስከ ፓራውልቱ ያለውን ለኩና ጻፉ።
2. በካርቶን ሞዴል ቁረጡ። ከፓራውልቱ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ብቻ ወደ ፊት ይውጣ። ወደ ኋላ ደግሞ ከራዲያተሩ ሥር እስኪያልፍ ይሂድ። ብዙ ሰው ወደ ፊት የሚወጣውን ብቻ ነው የሚያስበው። ሥራው ያለው ግን ከሥር ነው። አየሩ ከሥሩ ፈጥኖ ሲያልፍ ግፊቱ ይወርዳል፣ መኪናውን ወደ መሬት የሚስበው ያ ነው።
3. መሪውን እስከ ጥግ አዙሩ፣ በሁለቱም በኩል። ጎማው ካርቶኑን ከነካ ቁረጡለት። መሪው ታጥፎ ሳለ መኪናው ሲቀመጥ ጎማው ከዚህ በላይ እንደሚጠጋ አትርሱ፤ ሁለት ጣት ትርፍ ተዉ።
4. ኮምፔንሳቶውን ቁረጡ፣ ጠርዙን አለስልሱ፣ በቫርኒሽ ሁለት ጊዜ ቀቡ። ያልተቀባ እንጨት ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፣ ይላጣል።
5. ከሻንሲው ጋር እሰሩት። ከኋላ በሁለት ቦታ፣ ከፊት ደግሞ ከፓራውልቱ ጀርባ ካለው ብረት ላይ። ፕላስቲኩ ፓራውልት ላይ በፍጹም አትሰሩ። በ150 ላይ ፓራውልቱን ገንጥሎ ይዞት ይሄዳል።
6. ሁለቱን ዘንጎች ከፊት ጠርዝ እስከ ላይኛው ብረት አስገቡ።
7. የአየር መከለያውን በፓራውልቱና በስፕሊተሩ መካከል ቀጥ አድርጋችሁ ግጠሙ። ክፍተቱን ሁሉ ድፈኑ። በክፍተት የገባ አየር ሁሉ ኪሳራ ነው።
8. ውጡና ቁሙበት። አዎ፣ በእግራችሁ። ከግማሽ ሴንቲ ሜትር በላይ ከጎበጠ ማሰሪያው ደካማ ነው።
9. ከመሬት እስከ ስፕሊተሩ ያለውን ለኩ። ለመጀመሪያ ቀን ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ፍሬን ስትይዙ አፍንጫው እንደሚወርድ አስቡ።

*ሞተሩ ቢግልስ?* ይህ በጣም የተለመደ ጣጣ ነው። መከለያው ከሥር ይገባ የነበረውን አየር ዘግቷል። ከራዲያተሩ ዙሪያ ያለውን ክፍተት በፕላስቲክ ወይም በስፖንጅ ዝጉ፤ በፊት ቀዳዳው የገባ አየር በሙሉ በራዲያተሩ ውስጥ እንዲያልፍ አስገድዱት። ያ ካልበቃ ኮፈኑ ላይ መተንፈሻ ቅደዱ። መተንፈሻው ወደ ፊት፣ ከራዲያተሩ ጀርባ ይሁን። የኮፈኑን የኋላ ጠርዝ በሮንዴላ ከፍ ማድረግ ግን ተዉት። ብዙ ሰው ያደርገዋል። የፊት መስታወቱ ሥር የአየር ግፊቱ ከፍተኛ ነው፤ ትኩሱ አየር ይወጣል ብላችሁ ስትጠብቁ ጭራሽ ከውጭ ይገባል።

የሙቀት መለኪያውንም አትመኑ። በብዙ መኪና የፋብሪካው ቀስት መሃል ላይ ቆሞ ይቀራል፣ ሲነሳ ደግሞ ጊዜው አልፏል። ቁጥር የሚያሳይ መለኪያ አስገቡ።

ደረጃ 7፦ ክንፉን ትከሉ

1. ከፍታውን ወስኑ። ክንፉ የጣሪያውን ከፍታ አካባቢ ይድረስ። የኋላ ኮፈኑ ላይ ከተለጠፈ የሚያገኘው ጣሪያው ያበላሸውን አየር ነው።
2. እግሮቹን ከሻንሲው ጋር አያይዙ። የግድ ኮፈኑ ላይ ካረፋችሁ፣ ከላሜራው ሥር ሰፊ የአሉሚኒየም ሳህን አድርጉ፤ ኮፈኑም እንዳይነቀነቅ በፒን እሰሩት። ባዶ ላሜራ ላይ የታሰረ ክንፍ ላሜራውን ይሰነጥቀዋል።
3. ከመሰርሰራችሁ በፊት መሃሉን ለኩ። ከግራና ከቀኝ እስከ ጎማው ያለው ርቀት እኩል ይሁን። አንዴ የተበሳ ላሜራ አይመለስም።
4. ዳዶዎቹን አጥብቃችሁ በብሎኑና በዳዶው ላይ አንድ መስመር ቀለም አስምሩ። መስመሩ ከተሰበረ ዳዶው ዞሯል ማለት ነው። በዓይን ታውቃላችሁ፣ ቁልፍ አያስፈልግም።
5. ክንፉን በሁለት እጅ በሙሉ ክብደታችሁ ወደ ታች ተጫኑት። ቀጥሎ ወደ ኋላ ሳቡት። መኪናው ይነቃነቅ፤ ክንፉ ግን ብቻውን መነቃነቅ የለበትም።
6. ዘንበሉን ለኩ። ከፊት ጠርዙ እስከ ኋላ ጠርዙ ቀጥ ያለ ነገር አጋድሙና መለኪያውን እላዩ አድርጉ። መኪናው የቆመበት መሬት ዘንበል ካለ ያንን ቀንሱ። በዜሮ ጀምሩ።

ዜሮ ስል ብዙ ሰው ይስቃል። ምክንያት አለው። ከጣሪያው ኋላ ያለው አየር ጣሪያውን ተከትሎ ወደ ታች እየወረደ ነው የሚመጣው። ስለዚህ መለኪያው ዜሮ ሲል የክንፉ መሃል የሚያየው አየር ቀድሞውኑ ዘንበል ያለ ነው። እኔ የመጀመሪያውን ቀን 15 ዲግሪ አድርጌ ወጣሁ። በዓይን ሲታይ ደስ ይላል። ቀጥታው ጫፍ ላይ 6 ኪ.ሜ. ጠፋ፣ ኩርባው ላይ ምንም አልመጣም። ለምን እንደሆነ ያወቅሁት ክር ስለጥፍ ነው።

ደረጃ 8፦ ክር ለጥፉ

1. የሹራብ ክሩን በ6 ሴንቲ ሜትር ቆራርጡ።
2. በክንፉ ሆድ በኩል በሦስት ረድፍ ለጥፉ። ከላይ አይደለም። ክንፍ ሥራውን የሚሠራው ከሥሩ ነው፣ የሚያቆመውም ከሥሩ ነው።
3. ካሜራውን የኋላ ኮፈኑ ላይ ወደ ላይ እንዲያይ እሰሩ።
4. ትራክ ላይ ንዱ። አውራ ጎዳና ላይ ይህን የሚሞክር ሰው ክሩን ሳይሆን የፖሊስ መብራት ነው የሚያየው።

ክሮቹ ቀጥ ብለው ወደ ኋላ ከተኙ አየሩ ክንፉን ይዟል። ከኋላ ጠርዝ አካባቢ ያሉት ከተንቀጠቀጡ ጥጉ ላይ ናችሁ። ወደ ፊት ከተገለበጡ ወይም ከዞሩ አየሩ ክንፉን ለቆታል። ድራጉ አለ፣ ዳውንፎርሱ ሄዷል። ሁለት ዲግሪ ቀንሱና ደግማችሁ እዩ። መሃሉ ብቻ ከሆነ የሚገለበጠው አትደንግጡ፤ ጣሪያው ነው። ጫፎቹ እስከሠሩ ድረስ መሃሉን የሚመጥን ዘንበል ያዙ።

የጎን መስኮት ክፍትና ዝግ ሆኖ ክሩን ማወዳደር ብትችሉ ራሳችሁ ትገረማላችሁ። በመስኮት የሚገባው አየር ኋላውን ምን ያህል እንደሚያተራምሰው በዓይናችሁ ታያላችሁ።

ደረጃ 9፦ ለኩ፣ ግን በሥርዓት

የመጀመሪያውን ዙር ቀስ ብላችሁ ንዱ። መኪናው አሁን ሌላ መኪና ነው። በፈጣኑ ኩርባ ላይ ፍጥነቱን በየዙሩ ጥቂት ጥቂት እየጨመራችሁ ቅረቡት።

1. ጠዋት፣ ክንፍ በዜሮ ዲግሪ፣ አምስት ዙር።
2. ቀጥሎ፣ ክንፍ በ4 ዲግሪ፣ አምስት ዙር።
3. ከዚያ ወደ ዜሮ መልሱት፣ አምስት ዙር።

ሦስተኛውን ሰው ሁሉ ይዘለዋል። እሱ ከሌለ ግን ሰዓቱን ያሻሻለው ክንፉ ይሁን፣ የሞቀው አስፋልት ይሁን፣ ትራኩን መልመዳችሁ ይሁን አታውቁም። በሦስቱም ጊዜ የጎማ ነፋስና የነዳጅ መጠን ተመሳሳይ ይሁን።

ስታነቡ የዙር ሰዓትን መጨረሻ ላይ እዩ። መጀመሪያ በፈጣን ኩርባዎች ላይ ያለውን ዝቅተኛ ፍጥነት፣ ቀጥሎ ቀጥታው ጫፍ ላይ ያለውን ፍጥነት አወዳድሩ። ኩርባው 2 ጨምሮ ቀጥታው 2 ቢቀንስ አትርፋችኋል ማለት ይቻላል፤ ጫፉ ላይ የምትቆዩት ለቅጽበት ነው። ኩርባው ምንም ሳይጨምር ቀጥታው ከቀነሰ ወደ ደረጃ 8 ተመለሱ።

መኪናው ሲያምፅ

*በሁሉም ኩርባ፣ ቀርፋፋውም ላይ አልታጠፍም ይላል።* ጥፋቱ የክንፍ አይደለም። ጎማና አላይመንት እዩ።

*በፈጣኑ ላይ ብቻ አልታጠፍም ይላል።* ኋላው በዝቷል። ክንፉን በሁለት ዲግሪ ቀንሱ። ዜሮ ላይ ሆኖም ካልተስተካከለ ስፕሊተሩን አንድ ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርጉ፣ ክፍተት መኖሩንም እዩ።

*በፈጣኑ ላይ ኋላው ይከዳል።* በዚያው ወደ ፒት (ከትራኩ ወጥቶ መኪና የሚቆምበት ቦታ) ግቡ። ክንፉን በሁለት ዲግሪ ጨምሩ። ክሩ ከዚህ በላይ አይቻልም ካላችሁ፣ ስፕሊተሩን ከፍ አድርጉ ወይም የሚወጣውን ጠርዝ ቁረጡ። በፈጣን ኩርባ ላይ ብቻ ለሚታይ ችግር ስታብላይዘር ባርና ስፕሪንግ አትንኩ። ቀርፋፋውን ታበላሹታላችሁ።

*በፍሬን ላይ መንገዱ ይፋቃል።* ስፕሊተሩን አንድ ሴንቲ ሜትር አንሱት። ሥሩ የተፋቀበትን ቦታ እዩ። በአንድ ጎን ብቻ ከሆነ ዘንጎቹ እኩል አይደሉም።

*ምንም ለውጥ የለም።* ይሄም መልስ ነው። ዘንበሉን፣ ክሩንና ክፍተቱን ፈትሻችሁ አሁንም ምንም ከሌለ፣ ትራካችሁ ክንፍ አይፈልግም። ሽጡት። የክንፍ ገበያ ሁልጊዜ ገዢ አያጣም፣ ምክንያቱን ከላይ አይታችኋል።

ሜዳ ላይ ሲሰበር

በየእረፍቱ የቀለሙን መስመር እዩ፣ ስፕሊተሩን በእግር ተጫኑት። ሣር ውስጥ ከገባችሁ ሳትፈትሹ አትመለሱ። ስፕሊተር ሣርና ጠጠር ይዝቃል፣ ማሰሪያውም ሳይታይ ይሰነጠቃል።

መኪና ውስጥ ትርፍ ብሎንና ዳዶ፣ የፕላስቲክ ማሰሪያ፣ ትንሽ መጋዝ ያዙ። መጋዙ ምን ያደርጋል ለምትሉ፦ የተሰነጠቀ ስፕሊተርን ቆርጦ ለመጣል። ተንጠልጥሎ ጎማ ሥር ከገባ መሪ ያሳጣል።

ስፕሊተሩ ብቻ ከተሰበረ አውልቁት፣ ክንፉን ዜሮ ላይ አድርጉ፣ ቀስ ብላችሁ ቀኑን ጨርሱ። መኪናው አልታጠፍም ይላል እንጂ አይከዳችሁም።

ክንፉ ከተሰበረ ግን ስፕሊተሩንም ፍቱት። ስፕሊተር ብቻውን ይዛችሁ አንድ ዙር እንኳ አትውጡ። መፍታት ካልቻላችሁ መኪናውን አቁሙና ጓደኞቻችሁ ሲነዱ እያያችሁ ቡና ጠጡ።

ማታ ወደ ቤት ከመንዳታችሁ በፊት ሁለቱን ዘንጎች ነቅላችሁ ስፕሊተሩን አውርዱ። አራት ብሎን ነው፣ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። እኔ አንድ ቀን ደክሞኝ ተውኩት። ሜዳው ላይ ሙሉ ቀን የተረፈው ስፕሊተር ከነዳጅ ማደያ ስወጣ ተሰበረ።